ህመሙን በሰዓት መቅደም፦ ጽኑ ታማሚን ቤት ለሚያስታምም ሰው

አክስቴን እታለም ነው የምላት። ያሳደገችኝ እሷ ናት። የጡት ካንሰሯ ወደ አጥንቷ ከተሰራጨ በኋላ ሐኪሞቹ "ከዚህ በኋላ ቤት ብታስታምሟት ይሻላል" ብለው ሸኙን። ይዘን የወጣነው አንድ ወረቀትና አንድ ጠርሙስ መድኃኒት ነበር። አሰጣጡን ማንም አላስረዳንም። ወይ አስረድተውን ይሆናል፤ በዚያ ሰዓት እኛም ጆሮ አልነበረንም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በስህተት አለፍናቸው። ስታቃስት እንሰጣታለን፣ ዝም ስትል እንተዋለን። በኋላ ቤት ለቤት የምትሄድ አንዲት ነርስ መጣችልን። ደብተራችንን ጠየቀች፣ ደብተር እንደሌለን አወቀች፣ ከዚያ ቁጭ ብላ ከሀ ጀመረች። እሷ ካስተማረችን በኋላ ሁለት ጎረቤቶቼንም አብሬ አስታምሜያለሁ። ይህን የምጽፈው ከዚያ ነው። ሐኪም አይደለሁም። መጠኑን የሚወስነው ሐኪማችሁ ነው፤ ከእኔ የምትወስዱት አያያዙን ነው።

አንድ ነገር ቀድመን እንግባባ። የማስታገሻ ህክምና፣ ማለትም የጽኑ ታማሚን ህመምና ስቃይ የሚያቀል ህክምና፣ "በቃ፣ ተስፋ የለውም" ማለት አይደለም። ከካንሰር ህክምናው ጎን ለጎንም ይሰጣል። ለልብ ድካም፣ ለኩላሊት፣ ለኤች አይ ቪ ታማሚም ይሆናል። በፈረንጆቹ 1967 ለንደን ውስጥ ሴንት ክሪስቶፈር ሆስፒስን (ሆስፒስ ጽኑ ታማሚ የሚታገዝበት ተቋም ነው) የከፈተችው ሲሲሊ ሳንደርስ ነርስም፣ ማኅበራዊ ሠራተኛም፣ ሐኪምም ነበረች። የሰው ህመም የሥጋ ብቻ አይደለም፣ የሐሳብም የመንፈስም የኪስም ነው ትል ነበር። የኪሱን እኛ በደንብ እናውቀዋለን። እኛም አገር ከ2003 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ ሆስፒስ ኢትዮጵያ የሚባል ድርጅት አዲስ አበባ ውስጥ ታማሚ ቤት ድረስ እየሄደ ይረዳል። አንዳንድ ትልልቅ ሆስፒታሎችም ክፍሉ አላቸው። ሲሸኟችሁ "የማስታገሻ ህክምና ክፍል አላችሁ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ካልጠየቃችሁ የሚነግራችሁ ላይኖር ይችላል።

1. "እንዴት አደርሽ?" አይሰራም

ባገራችን "እንዴት አደርሽ?" ሲባል መልሱ አንድ ነው፤ "እግዚአብሔር ይመስገን።" ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ያደረች ሴት እንኳ እንዲሁ ነው የምትለው። እታለም ጥርሷን ነክሳ "ደህና ነኝ ልጄ" ትለኝ ነበር። ሰው ቤተሰቡን ላለማስጨነቅ ይደብቃል። መድኃኒቱ ውድ ስለሆነ ይደብቃል። ማማረር አምላክን ማስቀየም ይመስለዋል። ህመም መቻል ደግሞ እኛ ዘንድ ጨዋነት ነው።

ስለዚህ በጣት ጠይቁ። የተጨበጠ እጅ ማለት ምንም ህመም የለም። አንድ ጣት ትንሽ ነው። አምስቱም ጣት ሲዘረጋ ከዚህ የባሰ የለም ማለት ነው። ነርሷ ይህን ስታስረዳት እታለም "ደህና ነኝ" ብላ ገና አፏን ሳትዘጋ አራት ጣት አወጣች። እኔ ከክፍሉ ወጣሁ።

ቀጥሎ ቃሉን ያዙ። አማርኛ ለህመም ሀብታም ነው፣ ተጠቀሙበት። "ይቆረጥመኛል" ብዙ ጊዜ አጥንት ነው። "ያቃጥለኛል፣ ይነዝረኛል፣ ኮረንቲ እንደያዘው ያደርገኛል" ከሆነ ነርቭ ሊሆን ይችላል። "ይቆርጠኛል" አንጀት ነው። "ይጠዘጥዘኛል" ቁስል ወይም የሚያመረቅዝ ነገር ይሆናል። ለሐኪም "ያማታል" ብቻ ካላችሁት ምን ያድርግ? የታማሚውን ቃል እንዳለ ጻፉለት። የህመሙ ዓይነት ሲለይ መድኃኒቱም ይለያል።

መናገር ለማይችል ሰው ፊቱን እዩ። ግንባሩ ይቋጠራል? ሲነካ እጁን ይሰበስባል? ስታገላብጡት ትንፋሹ ይፈጥናል? ዝም ማለት ህመም የለም ማለት አይደለም።

2. ደብተርና ሰዓት

ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ይበቃል። በየገጹ ቀን፣ ሰዓት፣ የተሰጠው መድኃኒት፣ መጠኑ፣ ከመስጠታችሁ በፊት ስንት ጣት፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ስንት ጣት። ሰገራ የወጣበትን ቀንም ጻፉ። (አትሳቁ፣ ምክንያቱ ይመጣል።) አስታማሚ ሲቀያየር ደብተሩ ያወራል። እኛ ቤት እህቴና እኔ በአንድ ማታ አንዱን መድኃኒት ሁለታችንም የሰጠንበት ጊዜ ነበር። ደብተር ስላልነበረን።

ስለ ሰዓት ተጠንቀቁ። ማዘዣው ላይ "10" ተብሎ ሲጻፍ የፈረንጅ ነው ወይስ የሐበሻ? የፈረንጅ 10 ጠዋት የእኛ 4 ሰዓት ነው። የእኛ 10 ሰዓት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነው። ስድስት ሰዓት ሙሉ ይለያያሉ። መድኃኒት ቤት ቆማችሁ "በእኛ ሰዓት ንገሩኝ" በሉና በአማርኛ አጽፉት።

3. ደረጃው

የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 1986 የካንሰር ህመም ማስታገሻን በሦስት ደረጃ አስቀምጦ ነበር፤ እስካሁንም የብዙ ሐኪም መነሻ ነው።

ቀላል ህመም በፓራሲታሞል ይጀመራል። ባለ 500 ሚሊግራሙ ለአዋቂ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ በየስድስት ሰዓቱ ነው። በ24 ሰዓት ከስምንት ፍሬ አይበልጥም። ለከሳ፣ ምግብ ለማይበላ ወይም ጉበቱ ለተጎዳ ሰው ከዚያም ያነሰ ነው፣ ጠይቁ። ለጉንፋን የሚሸጡት ክኒኖችም ውስጣቸው ፓራሲታሞል ስላለ ደራርባችሁ እንዳትሰጡ።

ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለአጥንት ህመም ጥሩ ናቸው። ግን በባዶ ሆድ አይወሰዱም። ጨጓራ ያደማሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ። ከሰፈር መድኃኒት ቤት ገዝቶ ለወራት መዋጥ የለመደ ብዙ ሰው አለ። የጨጓራ ወይም የኩላሊት ታሪክ ላለው ሰው ሐኪም ሳይፈቅድ አትስጡ።

መካከለኛው ደረጃ ኮዴይንና ትራማዶል ነው። ትራማዶል በቀን ከ400 ሚሊግራም አያልፍም፤ ሲበዛ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያስነሳ ይችላል። ይህ አልበቃ ሲል "እስኪ ትንሽ ልጨምርላት" አይባልም። ያኔ ወደ ሦስተኛው መሄድ ነው፤ ሦስተኛው ሞርፊን ነው። ህመሙ ከመነሻው ከባድ ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ ቀጥታ ከሞርፊን ሊጀምር ይችላል፣ አትደንግጡ።

4. ሞርፊን

ስሙ ሲነሳ ቤቱ ጸጥ ይላል። "ሞርፊን ከተጀመረማ አለቀ" ይባላል። "ሱስ ያሲዛታል" ይባላል። እኛ ቤት አጎቴ ጠርሙሱን ቁም ሣጥን ላይ ሰቅሎ "የባሰ ቀን ይመጣል፣ ለዚያ እናስቀምጠው" አለ። ለአሥር ቀን አስቀመጥነው። እታለም አሥር ቀን ታመመች ማለት ነው። እስካሁን የሚቆጨኝ ይኼ ነው።

ሞርፊን የሞት ምልክት አይደለም። የከባድ ህመም መድኃኒት ነው። ወራትና ዓመታት ወስደውት ሥራቸውን የሚሠሩ አሉ። ለባሰ ቀን የሚቀመጥም አይደለም፤ ቢብስ መጠኑ ከፍ ይላል እንጂ ኃይሉ አያልቅም። ሱስን በተመለከተ፣ ለህመም በሐኪም ትእዛዝ የሚወስድ ጽኑ ታማሚ ዕፅ ፍለጋ ሲሯሯጥ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። ሰውነቱ ግን ይለምደዋል። ስለዚህ በድንገት አይቆምም፤ በሐኪም ቀስ እያለ ይቀነሳል።

የምሥራቅ አፍሪካዋን ዩጋንዳን ተመልከቱ። አን ሜሪማን የተባሉ ሐኪም በፈረንጆቹ 1993 ካምፓላ ውስጥ ሆስፒስ ከፍተው ፈሳሽ ሞርፊን ከዱቄት እየበጠበጡ፣ በቀላል ዋጋ፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ለታማሚ ቤት አደረሱ። ከፈረንጆቹ 2004 ጀምሮ የሠለጠኑ ነርሶች ራሳቸው ሞርፊን እንዲያዙ ሕጉ ፈቀደ። ከእኛ የበለጠ ሀብታም ሆነው አይደለም።

አሁን አሰጣጡ።

በመጀመሪያ የጠርሙሱን ጥንካሬ አንብቡ። ሁሉም ጠርሙስ አንድ አይደለም። "5 ሚሊግራም በ5 ሚሊሊትር" ከሆነ አንድ ሚሊሊትሩ አንድ ሚሊግራም ይይዛል። "10 በ5" ከሆነ ሁለት እጥፍ ነው። "50 በ5" የሚልም አለ፣ አሥር እጥፍ ማለት ነው። ትናንት የሰጣችሁትን ልክ ዛሬ ከአዲስ ጠርሙስ ከመቅዳታችሁ በፊት እዩት። በሻይ ማንኪያ አትስፈሩ፤ ማንኪያ ሁሉ ልኩ ይለያያል። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ከመድኃኒት ቤት ግዙ፣ ልኩ ላይ በስክሪፕቶ ምልክት አድርጉ።

ቀጥሎ ሰዓቱ። ፈሳሹ ሞርፊን የሚሠራው ለአራት ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ በየአራት ሰዓቱ ይሰጣል፣ ብታምም ባታምም። እኛ ቤት እንዲህ ነበር፦ ንጋት 12 ሰዓት፣ ረፋድ 4 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ማታ 12 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት። የማታው 4 ሰዓት ሐኪሙ ሲፈቅድ እጥፍ ይሰጣል፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እንዳትቀሰቀስ። አምስት አላርም ስልኬ ላይ ሞላሁ። ዋናው ነገር ይኼ ነው፦ ህመሙ ተመልሶ እስኪመጣ አትጠብቁ። አንዴ ጫፍ ከወጣ በኋላ ለማውረድ ብዙ መድኃኒት ይፈጃል። ቀድማችሁ ከሰጣችሁት ግን በትንሹ ይያዛል። ሞርፊን ላልለመደ አዋቂ አጀማመሩ ብዙ ጊዜ ከ2.5 እስከ 5 ሚሊግራም ነው፤ ኩላሊቱ ለደከመና ለሽማግሌ ሰው ሐኪሙ ያሳንሰዋል ወይም ያራርቀዋል።

በሁለቱ ሰዓቶች መካከል ህመሙ ድንገት ሲነሳስ? ለዚያ ተጨማሪ መጠን አስቀድማችሁ አሳዝዙ። ብዙ ጊዜ ከመደበኛው ጋር እኩል ነው። ሰጥታችሁ ደብተር ላይ ጻፉ፣ ቀጣዩን መደበኛ ግን በሰዓቱ ስጡ፣ አትዝለሉ። በቀን ከሁለት ሦስት ጊዜ በላይ ተጨማሪ ካስፈለገ መደበኛው አንሷል ማለት ነው። በራሳችሁ አትጨምሩ፣ ደብተሩን ይዛችሁ ደውሉ። ገላ ለማጠብ ወይም ቁስል ለመቀየር ካሰባችሁ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ተጨማሪውን መስጠት ትችላላችሁ። እኛ ይህን ካወቅን በኋላ ገላ መታጠብ ለቅሶ መሆኑ ቀረ።

ክኒን ከተሰጣችሁ ቀስ እያለ የሚለቀቅ ዓይነት መሆኑን ጠይቁ። እሱ በቀን ሁለቴ የሚዋጥ ነው። አይሰበርም፣ አይፈጭም፣ አይበጠበጥም፤ ከፈጫችሁት የግማሽ ቀኑ መጠን በአንዴ ይለቀቃል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ታማሚው ይተኛል። ቤተሰብ "ገደላት!" ብሎ ይደነግጣል። ግማሹ የመድኃኒቱ ነው፣ ግማሹ የስንት ሌሊት ዕዳ ነው። ማቅለሽለሽም አለ፤ መከላከያ ይታዘዛል፣ ብዙ ጊዜ በሳምንት ውስጥ ያልፋል። የሚያሰጋው ሌላ ነው፦ ብትጠሯት፣ ብትነቀንቋት የማትነቃ ከሆነ፣ ትንፋሿም በጣም ከዘገየ፣ በደቂቃ ከስምንት ከወረደ፣ ቀጣዩን አትስጡ። ወዲያው ለሐኪም ደውሉ።

ሞርፊን ሁሉም መድኃኒት ቤት የለም፤ የሚታዘዘውም በተለየ ማዘዣ ወረቀት ነው። ጠርሙሱ ሳያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው መፈለግ ጀምሩ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ያለቀ ሞርፊን ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቃል። ቤት ውስጥ በቁልፍ፣ ልጅ ከማይደርስበት አስቀምጡ።

ውጭ ያለ ዘመድ "እዚህ የቆዳ ላይ ፕላስተር አለ፣ ልላክ?" ይላል። የፌንታኒል ፕላስተር ነው። ከሞርፊን እጅግ የጠነከረ ነው። ያለ ሐኪም አይለጠፍም፣ ሙቀትና ፀሐይ ሲያገኘው ብዙ ይለቃል፣ ሞርፊን ያልለመደን ሰው ሊገድል ይችላል። ወደ ዓረብ አገር ለሚሄድ ሰውም ትራማዶል "አድርስልኝ" ብላችሁ አትስጡ። እዚያ ጥብቅ ቁጥጥር አለው፣ መንገደኛውን ለእስር ትዳርጉታላችሁ።

5. ሆድ ድርቀት፣ ማንም የማያወራው

የሞርፊን እንቅልፍ ይለመዳል። ድርቀቱ አይለመድም። ስለዚህ ሞርፊን በተጀመረበት ቀን የሆድ ማለስለሻም አብሮ ይጀመራል። ቢሳኮዲል ማታ ይሰጣል፣ ጠዋት ይሠራል። ላክቱሎስ ሽሮፕም አለ። ሐኪሙ ከረሳ እናንተ አስታውሱት።

ሦስት ቀን ሰገራ ከሌለ ደውሉ። አንድ የሚያታልል ነገር አለ። የደረቀው ሰገራ ዘግቶ ቀጭኑ በጎን ሲያፈተልክ ተቅማጥ ይመስላል። "ተቅማጥ ያዛት" ብላችሁ የተቅማጥ ማቆሚያ ከሰጣችሁ ነገሩን ታከብዱታላችሁ። ደብተሩ ላይ ሰገራ የጻፋችሁት ለዚህ ነው።

ተልባስ? ውሃ በደንብ ለሚጠጣና ለሚንቀሳቀስ ሰው ጥሩ ነው። አልጋ ቁራኛ ሆኖ በቀን ሁለት ብርጭቆ ለማይጠጣ ሰው ግን ውስጥ ገብቶ ሊጓጉል ይችላል። ፓፓያ፣ ለብ ያለ ውሃና ከቻለች ወደ ሽንት ቤት ደግፎ መውሰድ ይሻላል። አልጋ ላይ በፖፖ መጸዳዳት ለማንም ይከብዳል፣ ሰው ማፈሩን አይተውም።

6. ሞርፊን ብቻውን የማይችላቸው

የነርቭ ህመም፣ ያ "ያቃጥለኛል፣ ይነዝረኛል" ያልነው፣ ብዙ ጊዜ አሚትሪፕቲሊን በትንሽ መጠን ማታ ማታ ይጨመርለታል። የድባቴ መድኃኒት እንደሆነ ያነበበ ዘመድ "አብዳለች አሉ እንዴ?" ብሎ ይቆጣል። አላበደችም። በትንሽ መጠን ነርቭ ያረጋጋል፣ እንቅልፍም ይሰጣል። ውጤቱ ቀናት ይወስዳል፣ በሁለተኛው ቀን አትጣሉት።

የአጥንት ህመም ላይ ጨረር ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ አንድ ቀን ብቻ የሚሰጥ ጨረር ለማስታገስ በቂ ይሆናል። ተራው ረጅም ቢሆንም "ለማስታገሻ አንድ ጊዜ ጨረር ይሆናታል ወይ?" ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ።

በሃይላንድ ለብ ያለ ውሃ ሞልቶ፣ በነጠላ ጠቅልሎ ወገብ ላይ ማስደገፍም መድኃኒት ነው። የሚፋጅ አይሁን። ስሜት በሌለው ቆዳ ላይ አይሆንም።

7. ገላ፣ ቁስል፣ አፍ

የማይነሳ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጣል። ከጎን ወደ ጀርባ፣ ከጀርባ ወደ ሌላኛው ጎን። ጉልበቶቹ መካከል ትራስ፣ ተረከዙ ከፍራሽ ከፍ ይበል። ዳሌ፣ ጭራ አጥንትና ተረከዝ ላይ መቅላት ካያችሁ አትሹት፤ ጫናውን አንሱለት። ብቻችሁን አታንሱ። ወፍራም አንሶላ ከሥሩ አንጥፋችሁ ሁለት ሆናችሁ ሳቡ፤ ወገባችሁ ያስፈልጋችኋል።

ቁስሉ ካንሰር ከሆነ ሽታ አለው። እታለምን ከህመሙ ይልቅ የሰበራት ሽታው ነበር። ሰው ሲገባ ጋቢዋን እስከ አገጯ ትስብ ነበር። ነርሷ ሜትሮኒዳዞል ክኒን አድቅቃ እንደ ዱቄት ነሰነሰችበት፣ በላዩ በጋዝ (በቁስል መሸፈኛ ጨርቅ) ሸፈነች። በቀናት ውስጥ ሽታው ቀነሰ። ሐኪም ወይም ነርስ ጠይቃችሁ አድርጉት። የድሮው ጋዝ ከተጣበቀ አትንጨቁ፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ጨው ጨምራችሁ አርጥቡት፣ ራሱ ይለቃል። አልኮል፣ ቅጠል፣ አመድ አይደረግበትም። አልጋው ሥር ያልተቀጣጠለ ከሰል በሳህን ማስቀመጥ ሽታ ይስባል። የተቀጣጠለ ከሰል ግን የታማሚ ክፍል ውስጥ አይገባም፣ እጣንም ቢሆን። ትንፋሽ ያፍናል። ቁስሉ ሊደማ ይችላል ከተባላችሁ ጠቆር ያለ ፎጣ አጠገባችሁ አድርጉ፤ ነጭ ላይ ያለ ደም ታማሚውንም እናንተንም ያስደነብራል።

አፍ በቀን ብዙ ጊዜ ይጸዳል። ንጹሕ ጨርቅ ጣት ላይ ጠቅልሎ፣ ቆንጥር ጨው ያለበት ውሃ ነክሮ። ምላስ ላይ ነጭ ነገር ካለና ሲዋጥ ካመመ ፈንገስ ይሆናል፣ ኒስታቲን ይታዘዝለታል።

ትንፋሽ ሲያጥር ቀና አድርጋችሁ በትራስ ደግፉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ፊቱ ላይ በማራገቢያ ወይም በካርቶን አራግቡ። ቀላል ይመስላል፣ ግን ይሠራል። ክፍሉ ውስጥ የታጨቀውን ሰውም አስወጡ።

8. ጉርሻ

"ካልበላችማ ትሞታለች" እያልን እታለምን አፏን ይዘን አጎረስናት። ትተፋለች፣ እናጎርሳለን። ጉርሻ የፍቅር ነበር፣ እኛ ትግል አደረግነው። ሕመሙ ሲጠና ሰውነት ምግቡን አይፈልገውም፣ ቢገባም አይጠቀምበትም። በትንሽ ሲኒ አጥሚት፣ ሁለት ማንኪያ እርጎ፣ የፈለገችውን በፈለገችበት ሰዓት ስጡ። ቁሌት የሚጠበሰው በር ተዘግቶ ይሁን፤ የሽንኩርት ሽታ ለሚያቅለሸልሸው ሰው መከራ ነው።

9. ጠያቂ፣ ጸበልና እውነቱ

ጠያቂ በረከት ነው፣ ግን ሰዓት ይኑረው። ሃያ ሰው ገብቶ "አይዞሽ፣ ምን ሆንሽ፣ እንዲህ ከሳሽ?" ሲል የ8 ሰዓቱ ሞርፊን ያልፋል። አንድ ሰው በር ላይ ይቀመጥ። ከጠያቂ ሥራም አይጠፋም። "ማክሰኞ ማታ ታድሪልናለሽ?" ብትሏት ብርቱካን ይዛ ከመጣችው ይልቅ ትጠቅማለች። አስታማሚ ካልተኛ ሲሪንጁን ይሳሳታል።

ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም። በኤች አይ ቪ ጊዜ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ምእመኑ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚችል በይፋ ተናግረዋል። ሞርፊን በባዶ ሆድም ቢሆን መውሰድ ይቻላል፣ ስለዚህ ጸበል ቦታም ሰዓቱ አይዘለልም። ዲክሎፌናክ ግን ከቁርስ በኋላ ይሁን። ጾም ላይ የንስሐ አባትን አነጋግሩ፤ ለታመመ ሰው መፍትሔ አላቸው። ሙስሊም ቤተሰብም በረመዳን ለሕመምተኛ ሩኽሳ (ያለመጾም ፈቃድ) እንዳለ ያውቃል።

እውነቱን መንገር ከሁሉም ይከብዳል። እኛ ዘንድ ሐኪም ለቤተሰብ ይነግራል፣ ቤተሰብ ከታማሚ ይደብቃል። እታለም ግን ታውቅ ነበር። እኛን ላለማስጨነቅ የማታውቅ መስላ ትኖር ነበር፣ እኛም እሷን ላለማስጨነቅ። የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፤ በግድ አትንገሩ፣ በግድም አትደብቁ። "ስለ ሕመምሽ ምን ይመስልሻል? ምን ማወቅ ትፈልጊያለሽ?" በሉ፣ ከዚያ ዝም በሉ። እኔ ስጠይቃት "ቤቱን ለማን ልተው እያልኩ ነው" አለችኝ። ለካ ሌሊት የሚያባንናት እሱም ነበር። በማግስቱ ሽማግሌ ጠርተን ተናዘዘች። ያን ማታ ሁለት ጣት ነበር ያወጣችው። መድኃኒቱ ያው ነው።

10. ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል

ጀርባዋን አዲስ ህመም ይዟት እግሮቿ ከደከሙ፣ ከደነዘዙ፣ ወይም ሽንት እምቢ ካላት፣ ዕጢው በጀርባ አጥንት ውስጥ የሚያልፈውን ህብለ ሰረሰር ተጭኖ ይሆናል። ሰዓታት ዋጋ አላቸው፤ ካደረ እግሩ ላይመለስ ይችላል። ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) እየወሰደች ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካላት፣ ደም የማይቆም ከሆነ፣ ወድቃ አጥንቷ ከተሰበረ፣ ወይም ድንገት መቀባጠር ከጀመረች አትጠብቁ።

11. የመጨረሻዎቹ ቀናት

ብዙ ትተኛለች። እጅና እግሯ ይቀዘቅዛል። መዋጥ ታቆማለች። ትንፋሿ ይቆምና እንደገና ይቀጥላል። ጉሮሮዋ ላይ የሚንኳኳ ድምፅ ሊኖር ይችላል፤ ምራቅ ነው፣ ከእሷ ይልቅ እኛን ነው የሚያስጨንቀን። በጎኗ አስተኟት፣ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ሐኪም ቡስኮፓን ሊያዝ ይችላል። ውሃ በግድ አታፍስሱ፣ ያንቃል። ከንፈሯን በረጠበ ጥጥ አርጥቡ፣ ቫዝሊን ቀቡ። ህመሙ መድኃኒት መዋጥ ስላቆመች አያቆምም፤ ሞርፊኑ በምን መንገድ እንደሚሰጥ ከዚህ ቀን በፊት ነርሷን ጠይቁ።

ቁርባን የምትቀበል ከሆነ ገና መዋጥ እያለች ቄሱን ጥሩ። ድምፅ ይሰማት ይሆናል፣ ስለዚህ ስለ ቀብር አልጋው አጠገብ አትመካከሩ። አዋሯት። እኔ ስለ ልጅነቴ አወራኋት፣ ወተት የደፋሁበትን ቀን።

ከዚያ በኋላ ቤቱ በሰው ይሞላል፣ ድንኳን ይተከላል፣ የሞርፊኑን ጠርሙስ የሚያስታውስ አይኖርም። አንድ ሰው ቀድማችሁ መድቡለት። የተረፈው ለጎረቤት አይሰጥም፣ ቁም ሣጥን ላይም አይቀርም። እኔ ከሠልስት በኋላ ወደወጣበት መድኃኒት ቤት መለስኩት። ግማሽ ጠርሙስ ገደማ ነበር። ፋርማሲስቱ ለክቶ መዘገበ፣ እኔም ፈረምኩ።